ሶሎው የግድ ነው ወይ?

የፒንክ ፍሎይዱ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር በፈረንጆቹ 2024 «ላክ ኤንድ ስትሬንጅ» የተባለውን የግል አልበሙን ሲያወጣ የ78 ዓመት ሰው ነበር። እንዲህ ያለ አልበም ሲያምር «ዕድሜ አብስሎት ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። ዕድሜ ብቻውን ቢያበስል ኖሮ የሮክ አንጋፋዎች በስተርጅና የሚያወጡት ሁሉ በጣፈጠ ነበር፤ አብዛኛው ግን የድሮው ቅጂ ነው። ጣታቸው ስለዛለ አይመስለኝም። ስቱዲዮ ውስጥ «ኧረ ይሄ ይቅር» የሚላቸው ስለሚጠፋ ነው።

ጊልሞር ያንን ሰው ፈልጎ አገኘ። የ2006ቱንና የ2015ቱን አልበሞቹን ከወዳጁ ከፊል ማንዛኔራ ጋር ነበር የሠራው። አሁን የመጣው ቻርሊ አንድሩ፣ «አልት ጄ» ከተባለው ባንድ ጋር ስሙን ያስጠራ ፕሮዲዩሰር ነው። ጊልሞር ራሱ እንዳወራው፣ አንድሩ ስለ ቀድሞ ዝናው ብዙም አያውቅ፣ አክብሮቱም አላስጨነቀው፤ እዚህ ጋ የጊታር ሶሎ ለምን አስፈለገ፣ ዘፈኑስ ሁሉ እየሳሳ የሚያልቀው ለምንድን ነው እያለ ይጠይቀው ነበር። ጊልሞርን መቼም ስለ ሶሎ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው! ፍሬው «ቢትዊን ቱ ፖይንትስ» ላይ ይሰማል። የሞንጎልፊየር ብራዘርስ የ1999 ዘፈን ነው፤ ድምፁም ሃርፑም የልጁ የሮማኒ ሲሆን፣ የአባቷ ጊታር ፊት የሚወጣው ወደ ማብቂያው ላይ ነው።

«የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ግን በ2007 ጎተራ ውስጥ በተቀረጸው፣ በ2008 ባረፈው በፒንክ ፍሎይዱ ሪቻርድ ራይት ኪቦርድ ላይ የቆመ ነው፤ ይህ ትዝታ መሸጥ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ትዝታ ነጋዴ ቢሆን ግን በ2019 ዝነኛውን ጥቁር ስትራቶካስተሩን ጨምሮ ጊታሮቹን አጫርቶ ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን ገቢ ለአካባቢ ጥበቃ ባልሰጠ ነበር። አልበሙ በእንግሊዝ አንደኛ የወጣው በስሙ ነው ለሚለኝ ግን አልከራከርም። የሚከብደኝ ሌላኛው ተቃውሞ ነው፦ ግጥሙን ባለቤቱ ፖሊ ሳምሰን እየጻፈች፣ ልጁ እየዘፈነች፣ ባዕድ ጆሮ የታለ? እውነት አለው። ግጥሞቹ በእርጅናና በሞት ዙሪያ ደጋግመው ይመላለሳሉ፤ እዚያም «ይቅር» የሚል ቢገኝ አይከፋም ነበር። በዜማውና በቅንብሩ ግን ጥያቄው ሥራውን ሠርቷል። ማሳረጊያው «ስካተርድ» ረጅም ሶሎ አለው፤ ለምን ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ የተረፈ ሶሎ ስለሆነ ልማድ ልማድ አይልም።