የቤታችን ቋንቋ ለልጆቻችን እንግሊዝኛ ይረዳል
በሻአሪያ፣ ፔታሕ ቲክቫ ለወላጆች የተደረገ ንግግር



ሥራ ውላችሁ ደክሟችሁ ሳለ ስለ ልጆቻችሁ ትምህርት ለመነጋገር ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ከወላጆች ዘወትር የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ታዲያ ልጄን በምን ልርዳው?» የሚል ነው። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

በቅድሚያ ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበን ልናገር። ልጅ 7ኛ ክፍል ሲደርስ ሐቲቫት ቤናይም ይገባል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በእንግሊዝኛና በሒሳብ በችሎታ ተለይተው አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል ተብለው ይመደባሉ። ይህም ሃካባጻ የሚባለው ነው። በታችኛው ምድብ ያለ ልጅ የሚማረውም ጥቂት፣ የሚጠየቀውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከዓመት ወደ ዓመት ከላይኞቹ እየራቀ ይሄዳል። በመጨረሻም የእንግሊዝኛ ባግሩቱን በ3 ዬሒዶት ይፈተናል። ዩኒቨርሲቲዎች ግን ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጡት ለ4 እና ለ5 ዬሒዶት ነው። ከፕሲኾሜትሪ ፈተና ሦስት ክፍሎችም አንዱ እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ልጁ በ12 ዓመቱ የተመደበበት ክፍል በ20 ዓመቱ የሚያንኳኳውን በር ሊዘጋበት ይችላል ማለት ነው።

በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 አንዳንድ የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ልጆቻችንን አንቀበልም ባሉ ጊዜ ወገኖቻችን ወጥተው ጮኸዋል፤ መጮኻቸውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን በበሩ መግባት አንድ ነገር ነው፤ ከገቡ በኋላ በየትኛው ክፍል መቀመጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ለሁለተኛው ጉዳይ ሰልፍ ብቻውን አይበቃም፤ የቤት ሥራ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ልጆቻችን የሚሰናከሉት የት ላይ ነው? ካየኋቸው ደብተሮች እንደምረዳው ቃላቱን ብዙዎቹ ያውቋቸዋል። ቴሌቪዥኑም፣ ዘፈኑም፣ ስልኩም እያስተማራቸው ነው። የሚቸግራቸው ቃላቱን አሰካክቶ ዓረፍተ ነገር መሥራት ነው። ልጁ ሁለት ቋንቋ ይዞ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። አስተማሪዋ ዕብራይስጡን ታውቃለች፤ አማርኛውን ግን አታውቅም። በዚህም የተነሣ አማርኛው እንደ ሸክም ይቆጠራል። «ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ ብቻ ተናገሩ» የሚል ምክር ያልሰማ ወላጅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይህ ነው።

እስቲ ወርቁን እንየው። በዕብራይስጥ «ኢማ ሼሊ ባባይት» እንላለን። በዚህ ንግግር ውስጥ «ናት» የሚል ቃል የለም። ስለዚህ በዕብራይስጥ የሚያስብ ልጅ «ማይ ማዘር አት ሆም» ብሎ ይጽፋል፤ ይህም ስሕተት ሆኖ ይታረምበታል። በአማርኛ ግን «እናቴ ቤት ናት» እንላለን። ያለ «ናት» ንግግሩ አይታሰርም። እንግሊዝኛውም «ማይ ማዘር ኢዝ አት ሆም» ነው። «ኢዝ» ማለት የእኛው «ናት» ነው። እንዲህ አድርጋችሁ ለልጃችሁ ንገሩት፦ «ነኝ» ሲሆን «ኤም»፤ «ነው» እና «ናት» ሲሆን «ኢዝ»፤ «ነህ»፣ «ነሽ»፣ «ነን»፣ «ናችሁ»፣ «ናቸው» ሲሆን ሁሉም «አር» ነው። ስምንቱን የአማርኛ ቃል የሚያውቅ ልጅ ሦስቱ የእንግሊዝኛ አይከብዱትም። ትግርኛ ለምትናገሩም እንዲሁ ነው፤ እናንተም «እየ»፣ «ኢኻ»፣ «እዩ» አላችሁ።

ሁለተኛ፣ «ትልቅ ቤት» የሚለውን ውሰዱ። ዕብራይስጥ «ባይት ጋዶል» ብሎ ቤቱን ያስቀድማል። እንግሊዝኛ ግን እንደ እኛ ነው፤ «ቢግ ሃውስ» ብሎ ትልቅነቱን ያስቀድማል። ሦስተኛ፣ «የዳዊት ቤት» የሚለውን ውሰዱ። ዕብራይስጥ «ሃባይት ሼል ዳቪድ» ሲል እንግሊዝኛ «ዴቪድስ ሃውስ» ይላል፤ እንደ አማርኛው ሁሉ የቤቱ ጌታ ይቀድማል። በተጨማሪም እንግሊዝኛ የሚጻፈው እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ነው።

አማርኛ በሁሉም መንገድ ይመራል ማለቴ ግን አይደለም። «ራበኝ» በአንድ ቃል ያልቃል፤ እንግሊዝኛው «አይ ኤም ሃንግሪ» ሦስት ቃል ይፈልጋል። አማርኛም ዕብራይስጥም የማይረዱባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ አስተማሪም ወላጅም በእነዚህ ላይ ጊዜ ሊያጠፋ ይገባል።

የመጀመሪያው የቃላት ሰልፍ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ይመጣል። «ውሻው ልጁን ነከሰው» እንላለን። «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብንልም የተነከሰው ልጁ ነው፤ ምክንያቱም «ልጁን» ላይ ያለችው «ን» ትጠብቀናለች። ዕብራይስጥም «ኤት» የምትባል ጠባቂ አለችው። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም፤ ሁሉንም የሚናገረው ሰልፉ ብቻ ነው። «ዘ ዶግ ቢት ዘ ቦይ» ካልን የነከሰው ውሻው ነው። «ዘ ቦይ ቢት ዘ ዶግ» ካልን ግን ልጁ ውሻውን ነከሰ ማለት ይሆናል። ልጆች በዚህ ይሥቃሉ፤ ከሣቁ ደግሞ አይረሱትም።

ሁለተኛው ባለቤቱ መታየት ያለበት መሆኑ ነው። እኛ «መጣሁ» እንላለን፤ ዕብራይስጥም «ባቲ» ይላል። የመጣው ማን እንደሆነ በቃሉ ውስጥ ተደብቋል። በእንግሊዝኛ «ኬም» ብቻ ቢባል የመጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ «አይ ኬም» ማለት ግድ ነው። ባለቤት በሌለበት እንኳ ለይስሙላ አንድ ያስቀምጣሉ። «እየዘነበ ነው» ለማለት «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ይላሉ። ይህ «ኢት» ማን ነው ብላችሁ አትጨነቁ፤ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን የተቀመጠ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ነው። እኛ «ወተት ትወዳለች?» ብለን ድምፃችንን ከፍ ስናደርግ ይበቃል። እንግሊዝኛ ግን «ዱ» ወይም «ዳዝ» የሚባል ረዳት ከፊት ይጠራል። «ሺ ላይክስ ሚልክ» የነበረው «ዳዝ ሺ ላይክ ሚልክ?» ይሆናል። ብዙ ልጆች «ዳዝ ሺ ላይክስ» ብለው ይሳሳታሉ። «ስ» የምትባለዋን ድምፅ እንደ አንድ ቀለበት ቁጠሯት። «ዳዝ» ሲመጣ ቀለበቷን እርሱ ያጠልቃል፤ «ላይክ» ባዶ እጁን ይቀራል። አንድ ቀለበት በሁለት ጣት አይገባም።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልመለስ። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ከመጽሐፉ አምስት ዓረፍተ ነገር ያንብብ። እናንተ በአማርኛ ጠይቁት፦ ማን ነው? ምን አደረገ? ምንን? የት? መቼ? ልጁ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ የሚሆነውን ቃል በጣቱ ያሳያችሁ። የእንግሊዝኛ ተራ ዓረፍተ ነገር ባመዛኙ በዚሁ ቅደም ተከተል የሚሄድ ስለሆነ ጣቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጣቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ቆም ብላችሁ «ለምን?» በሉት። በሌላ ቀን ካርቶን ቆርጣችሁ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ቃል ያስጽፉት፤ ምንጣፍ ላይ በትኖ ይሰልፈው። ማንበብ የማትችል እናት ይህን ሁሉ ማድረግ ትችላለች። ልጁ ለእናቱ ሲያስረዳ ነገሩ ለራሱም ይገባዋል።

ከእናንተ መካከል ጎንደር ወይም ሌላ ቦታ 7ኛ ክፍል የደረሳችሁም አላችሁ። በኃይለ ሥላሴና በደርግ ዘመን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። እናንተ ሳይንሱንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ የተማራችሁ ናችሁ። ዛሬ በጽዳት ወይም በጥበቃ ሥራ ላይ ብትሆኑም ያ እውቀት አልጠፋም። ከጎረቤት ልጆች ሦስት አራቱን በሳምንት አንድ ቀን ሰብስባችሁ ብታስጠኑ ሰፈራችን ይጠቀማል።

በዮም ሆሪም ዕለት ደግሞ «ልጄ ጎበዝ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። አራት ነገር ጠይቁ። ልጄ በየትኛው ሃካባጻ ነው? በምን ፈተና ተመደበ? ወደ ላይ ለመውጣት ምን ይጎድለዋል? ቀጣዩ ፈተና መቼ ነው? ዕብራይስጥ ካስቸገራችሁ ሜጋሼር ይዛችሁ ግቡ፤ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። መልሱንም በወረቀት ጻፉ ወይም አስጽፉ። ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ተመለሱ። የሚጠይቅ ወላጅ ያለው ልጅ በቀላሉ አይረሳም።

በ1984 በሱዳን በኩል የመጣችሁ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣችሁ፣ በ2020 መጨረሻ በተጀመረው በጹር ይስራኤል ዘመቻ የመጣችሁ፣ ሁላችሁም ያመጣችሁት አንድ ንብረት አለ፤ ይኸውም ቋንቋችሁ ነው። ለልጆቻችሁ ሙሉውን አማርኛ ስጧቸው። ዕብራይስጡን ከትምህርት ቤት ያገኙታል፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ በሁለቱ ላይ ቆመው ይደርሱበታል። ዛሬ ማታ እቤት ስትገቡ ከልጃችሁ መጽሐፍ አንድ ዓረፍተ ነገር አስነብቡና «ማን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ።