ለዘንዶ ጠባቂዎቹ

እህቶቼ፣ ባለፈው ስንሰበሰብ አንዷ እህታችን «የማዳም ልጅ ዘንዶ ገዛ፣ ጠብቂ አሉኝ» ብላ ስታለቅስ ሰምታችኋል። እኔ ሁለት ዓመት ስለጠበቅሁ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ቦል ፓይተን የምትባለዋ ዘንዶ አገሯ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። መርዝ የላትም፤ ስትፈራ እንደ ኳስ ትጠቀለላለች። ግን ከበረዳት የበላችው አይፈጭላትም፣ ትታመማለች። ብትሞት ጣት የሚቀሰረው ወደ ማን እንደሆነ እናውቃለን።

የሳጥኑ አንዱ ጎን ሞቃት ይሁን፣ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ። ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ይበል፣ 26 አካባቢ። በሁለቱም በኩል መደበቂያ አድርጉላት፤ ውኃም አይጥፋ። ማሞቂያውን ያለ ቴርሞስታት እንዳትሰኩት! እሷንም ቤቱንም ያቃጥላል። «ይገዛልኝ» በሉ፣ አትፈሩ። በአምፖል የሚሞቅ ከሆነ እንዳትነካው በሽቦ ወንፊት ይከለል።

እዚህ ቤይሩት መብራት ሲሄድ፣ ኢሽቲራኩም ሲቆም፣ መጀመሪያ ማሞቂያውን ንቀሉ። ከዚያ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ አየር ማስገቢያውን ግን ተዉለት። መብራት ሲመጣ ብርድ ልብሱን አንስታችሁ ነው መልሳችሁ የምትሰኩት።

ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዕቃዋን የምግብ ዕቃ የሚታጠብበት ላይ አትጠቡ፣ ሆድ የሚያሳምም ጀርም አለው። ማብላቱን ልጁ ራሱ ይሥራ።

በመጨረሻ፣ ጠዋትና ማታ ዲግሪውን በስልክ ፎቶ አንሱ። ነገ «አንቺ ነሽ የገደልሽያት» ቢሏችሁ የምታሳዩት ይኖራችኋል።