የላፕቶፕ ራም ከመግዛታችን በፊት
(ከሐጅ ዩሱፍ ለመጡ ስደተኞች የቀረበ ንግግር)



ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ በኖርንባቸው ዓመታት በአሮጌ ላፕቶፖች ማመልከቻ ስንጽፍ፣ ፎርም ስንሞላ፣ ልጆች ስናስጠና ቆይተናል፡፡ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተጀመረ በኋላ ስንበተን፣ ከመካከላችን ላፕቶፑን ከነሰነዱ ተሸክሞ የወጣ አለ፡፡ ያ ኮምፒዩተር ሲዘገይ ገንዘብ አዋጥቶ ራም ለመግዛት የሚያስብ ብዙ ነው፡፡ የስደተኛ ገንዘብ ሁለት ጊዜ አይገኝምና፣ አስቀድሞ መታወቅ ያለበትን እንነጋገር፡፡

በመጀመሪያ፣ ራም ኮምፒዩተሩ ሥራ ላይ ሳለ ብቻ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኖሪያ ነው፡፡ ራሙን እንደ ጽሕፈት ጠረጴዛ፣ ዲስኩን እንደ ቁም ሳጥን ቁጠሩት፡፡ መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል፡፡ ስለዚህ ራም መጨመር ለፎቶና ለሰነድ ማስቀመጫ ቦታ አይጨምርም፡፡

ሁለተኛ፣ የመዘግየቱ ምክንያት ራም መሆኑን አረጋግጡ፡፡ ለአማርኛ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ብዙ ራም አያስፈልግም፡፡ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በተለመደው አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፡፡ 2,000 ፊደል ያለው ማመልከቻ 6,000 ባይት ነው ማለት ነው፤ 4 ጊጋ ራም ግን ከ4 ቢሊዮን ባይት በላይ ነው፡፡ ራሙን የሚበላው ብዙ የኢንተርኔት ገጽ በአንድ ጊዜ መክፈት ነው፡፡ በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ፡፡ ሥራ ላይ ሳላችሁ ራሙ ሞልቶ ከታየ መጨመሩ ይጠቅማል፡፡ ራሙ ግማሽ ሆኖ ዲስኩ ሁልጊዜ 100 በመቶ ከሆነ ግን፣ የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥ ይሻላል፡፡ አለበለዚያ ነገሩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል፡፡

ሦስተኛ፣ ዓይነቱን ለዩ፡፡ የላፕቶፕ ራም ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ራም ያጥራል፡፡ ዲዲአር 3 የሚባለው 204 እግር አለው፤ ዲዲአር 4 260፣ ዲዲአር 5 ደግሞ 262፡፡ ጥርሱ የተቆረጠበት ቦታም ይለያያልና አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በኃይል መግፋት ማሽኑን መስበር ነው፡፡ ዲዲአር 3 ራሱ ሁለት ዓይነት አለው፡፡ አንዱ በ1.5 ቮልት፣ ሌላው «ኤል» የሚል ፊደል የተጨመረበት በ1.35 ቮልት ይሠራል፡፡ ዝቅተኛውን ቮልት ብቻ የሚቀበሉ ላፕቶፖች ስላሉ የአሮጌውን ራም ጽሑፍ አንብቡ፤ የሚሻለውም አሮጌውን ነቅሎ ይዞ ገበያ መሄድ ነው፡፡

አራተኛ፣ ላፕቶፑ የሚቀበለውን መጠን ጠይቁ፡፡ በአንዳንዱ ራሙ ከሰሌዳው ጋር ተበይዷል፤ መጨመሪያ ቦታም ላይኖረው ይችላል፡፡ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ ቢገዛለት አይጠቀምበትም፡፡ ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች አብረው ቢሠሩ በዝቅተኛው ፍጥነት ይሄዳሉ፡፡

ያገለገለ ራም ስትገዙ ሻጩ ፊት በላፕቶፑ ላይ አስገብታችሁ ሙሉው መጠን መታየቱን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ፡፡

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠውን እናሳስባለን፡፡ ማሽኑ ከመፈታቱ በፊት የስደተኛ መታወቂያ፣ የልደትና የትምህርት ማስረጃ ምስሎችን በፍላሽ ገልብጡ፤ ፍላሹንም ከላፕቶፑ ለይታችሁ አስቀምጡ፡፡ ከዚያ ማሽኑን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ እጃችሁን ብረት አስነክታችሁ ጀምሩ፡፡ ራም ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ የጠፋ ማስረጃ ግን ከአገር ርቆ ላለ ሰው በቀላሉ አይተካም፡፡