ቆሻሻ አያያዝን በርቀት ስለ መማር
(ለመጠለያው ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ካርቱም ዴም የኖራችሁ፣ በአንድ ግቢ ስንት ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ይጋራ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ ተበታተንን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የመብራት ጣቢያዎች ተመትተው የውኃ ማጣሪያዎች ሲቆሙ በካርቱም ኮሌራ ሺዎችን ያዘ። ስለዚህ ቆሻሻ እንደሚገድል ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያዘጋጀው የንጽሕናና የአካባቢ ጤና ሞጁል አለ። በነፃ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። በእንግሊዝኛ ቢጻፍም አሥረኛ ክፍል የደረሰ ሰው መዝገበ ቃላት ይዞ ይወጣዋል። በየክፍሉ መጨረሻ ጥያቄ ከነመልሱ ስላለ ራስን መፈተን ይቻላል። (መልሱን አስቀድሞ የሚያይ አይጠፋም፤ መምህር ነኝና አውቃለሁ።) ማንበቡ ብቻውን ዲፕሎማ አያሰጥም፤ ይህን ከወዲሁ እወቁት።

ትምህርቱ ግን ከደጃችን ይጀምራል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ በቁልቁለቱም በኩል መሆን አለበት። ከቤት የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ ለብቻው ከተጠራቀመ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ፌስታል ማቃጠል ግን መርዙን ለልጆቻችን ሳንባ መስጠት ነው፤ እዚህ መካከላችን በየማታው የሚደረገውን ማለቴ ነው። ሳይለዩ እየከመሩ መኖር ምን እንደሚያመጣ አዲስ አበባ አይታለች፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ገድሏል።

ማንበብ የምትፈልጉ አምስት አምስት እየሆናችሁ ተመዝገቡ። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ሰው በየቡድኑ ይኑር፤ ስልክ የሌለው ከጎረቤቱ ጋር ይምጣ።