ቤት ከተቃጠለ በኋላ ኑሮን ስለ ማቆም

በኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ በኦሪት እንደ ተነገረ ድኽቶ ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነበረ። ስለዚህ በዛሬው ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ዕድሜ መቍጠር ብቻ አይበቃም፤ በአጥቢያው ውስጥ ከርስቱና ከሥራው ሊነቀል የቀረበ ሰው እንዳለ መጠየቅም ይገባል። ሰውን ከርስቱ ከሚነቅሉት ነገሮች አንዱ እሳት ነው።

ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፥ ከነጆ እስከ ደምቢ ዶሎ ያለው ገበሬ ቡናውን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይለቅማል፤ ቀዩን ፍሬ በማድረቂያ አልጋ ላይ ዘርግቶ በፀሐይ ያደርቃል፤ ከዚያም ለገበያ እስኪወጣ ድረስ በቤቱ ያከማቻል። የምዕራቡ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምት» ተብሎ በከተማይቱ ስም እስኪጠራ ድረስ የታወቀው በዚህ ድካም ነው። ነገር ግን ቡናው ወደ ቤት፥ በቆሎውም ወደ ጎተራ የሚገባበት ወራትና ሣሩ ደርቆ እሳት የሚበረታበት ወራት አንድ ነው። ስለዚህ በጥርና በየካቲት የሚነሣ እሳት የአንዱን ቀን ምግብ ሳይሆን የዓመቱን ድካም በአንድ ሌሊት ይበላል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በነበረው ግጭት በሰው እጅ የተቃጠለው ቤትም ብዙ ነው። ምክንያቱ ልዩ ልዩ ቢሆን፥ በማግሥቱ በዓመዱ ፊት የሚቆመው ቤተ ሰብ ችግር ግን አንድ ዓይነት ነው።

ለምሳሌ ባልና ሚስት ከአራት ልጆች ጋራ ያሉበት አንድ ቤት ይታሰብ። ጥቂት የቡና ተክል፥ ሁለት በሬ፥ አምስት የንብ ቀፎ፥ በቅዳሜ ገበያ የሚሸጥ ጥቂት እህል አላቸው። በየካቲት አንድ ሌሊት ከማድቤቱ የተነሣ እሳት የሣር ክዳኑን ያዘ፤ ሰውና አንድ በሬ ዳኑ፤ ጎተራው፥ ያልተሸጠው ቡና፥ ዘሩ፥ ሞፈርና ቀንበሩ፥ ቀፎዎቹና ከጓሮው ተክል እኩሌታው ተቃጠለ።

በዚያ ማለዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ፈተና ረኃብ አይደለም፤ «እሳቱን ሳያዳፍን የተኛ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ባል ሚስቱን፥ ሚስትም ታላቂቱን ልጅ ትመለከታለች። ይህ ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ ቤቱ ዳግመኛ ተሠርቶ እንኳ በውስጡ ሲጤስ ይኖራል። አስተዋይ ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ቢገኝ «የጠፋውን ቍጠሩ እንጂ ያጠፋውን አትፈልጉ» ይላቸዋል። እናት ልጅቱን ወደ ጎንዋ አስጠግታ «እኔም እኮ አላየሁትም» ስትል፥ የአዲሱ ቤት የመጀመሪያው ምሰሶ በዚያች ቃል ተተከለ።

ሁለተኛው ፈተና ችኮላ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው መጥቶ መሬቱን በወለድ አገድ ልያዝ ይላል፤ ሌላውም የሚመጣውን ዓመት ቡና ገና በአበባው ልግዛ ይላል። እነዚህ ሁለቱ ክፉውን ቀን ያሳልፋሉ፤ ነገር ግን ለጊዜው መከራ የዘወትሩን እንጀራ ይከፍላሉ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማስቀረትም እንደዚሁ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሚስቲቱ የእቁብ ተራዋን እንዲያስቀድሙላት ማኅበርተኞቿን ብትለምን፥ ባልየውም የቀረውን በሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋራ አቀናጅቶ ቢያርስ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ተራ አለው። አስቀድሞ ቶሎ የሚደርሰው ይዘራል፤ ድንችና ጎመን በጥቂት ወራት ውስጥ ለቤት ይደርሳሉ፤ ዝናሙ ሲጀምር የተዘራው በቆሎም በክረምቱ መጨረሻ እሸት ይሆናል። ቀፎም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ክረምቱ ሳያልፍ ተሠርቶ ቢሰቀል ከአደይ አበባና ከኑግ አበባ በኋላ ማር ይገኝበታል። ቡናው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። እሳት የለበለበውን ተክል ሁሉ ነቅሎ መጣል ስሕተት ነው፤ ሥሩ በሕይወት ያለው ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይጐነደላል፤ ከሚያቈጠቍጡትም ቅርንጫፎች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ተመርጠው ይቀራሉ። አዲስ ችግኝ እስኪያፈራ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲያስጠብቅ፥ የተጐነደለው ከዚያ ቀድሞ ያፈራል። የሞተ የሚመስለው ግንድ ከሥሩ ሕይወት እንዳለው ማወቅ ለገበሬም ለካህንም የሚጠቅም ትምህርት ነው።

አሁን ነገሩ ወደ ጉባኤው ይመለሳል። በእሳቱ ማግሥት ሰው ሁሉ ይመጣል፤ እንጀራ፥ ልብስ፥ እንጨትና ሣር ያመጣል፤ በደቦ ጎጆ ያቆማል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ በኦሮምኛ ዳዶ የሚባለው በተራ መረዳዳትም የተቃጠለበትን ሰው እርሻ ከፍጻሜ ያደርሳል። ነገር ግን ዓመዱ ሲበርድ የሰውም እግር ይበርዳል። ያ ቤተ ሰብ እጅግ የሚቸገረው በየካቲት አይደለም፤ የተለመነው እህል አልቆ አዲሱ ገና ያልደረሰበት ሐምሌ ነው። መሬቱን በወለድ አገድ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ በዚያ ወር ነው። ስለዚህ ዕድሩና ሰበካ ጉባኤው ከሚሰጠው እኩሌታውን ለሐምሌ ቢያቈይ፥ ዘር በሚያዝያ ቢያበድርና ያለ ወለድ በታኅሣሥ ቢቀበል፥ ያው ገንዘብ እጥፍ ሥራ ይሠራል።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ባሠራ ጊዜ ብዙው ሰው በቤቱ አንጻር ያለውን ሠራ፤ ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። የሩቁን መከራ መስማት ልብን ይነካል፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ያላዘነ አልነበረም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው እጁ የሚደርሰው በቤቱ አንጻር ያለው ፍርስራሽ ነው።

የተቃጠለውም እንደ ቀድሞው ብቻ ሊሠራ አይገባውም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1666 ዓመት በለንደን ከተማ ከ13 ሺሕ የሚበልጥ ቤት ተቃጠለ፤ ከዚያ በኋላ ቤት በእንጨት ሳይሆን በጡብና በድንጋይ እንዲሠራ በሕግ ታዘዘ። ገበሬውም ማድቤቱን ከጎተራው ቢያርቅ፥ በበጋ በቤቱ ዙሪያ ያለውን ሣር ቢመነጥር፥ ማታ ረመጡን በዓመድ አዳፍኖ ውኃ በእንስራ ቢያኖር፥ ዘሩንም ከፍሎ እኩሌታውን በዘመድ ቤት ቢያስቀምጥ፥ እሳት ቢመጣ እንኳ ሁሉን አያገኝም።

ወገኖች ሆይ፤ የዚህ ኢዮቤልዩ መታሰቢያ በድንጋይ ላይ የሚጻፍ ብቻ አይሁን። በሚመጣው ሐምሌ በዚህ አጥቢያ ቤቱ ተቃጥሎበት መሬቱን በወለድ አገድ የሚሰጥ ሰው ባይኖር፥ በዓሉ በእውነት ተከብሯል። እግዚአብሔር የቆመውን ቤት ይጠብቅ፤ የወደቀውንም ያንሣ። አሜን።