በሽታን ወደ እርሻ ስለ መጋበዝ



የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እኛ ስኳርን የምናውቀው ከሸንኮራ አገዳ ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ሹገር ቢት ስለሚባለው፣ የቀይ ሥር ዘመድ ስለ ሆነው ነጭ ሥር ነው፤ ቦታውም ምዕራብ አሜሪካ ነው።

በዚያ አገር ቅጠሉን ወደ ውስጥ የሚጠቀልል፣ ሥሩንም የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ አለ። የምታዛምተው ከቅጠል ወደ ቅጠል የምትዘል ጥቂት የምታህል ተባይ ናት፤ የብርዱን ወራት በበረሃ አረም ላይ አሳልፋ በጸደይ ወደ እርሻው ትበርራለች። በፈረንጆች 1920ዎቹ ጥፋቱ ስለ በረታ የስኳር ፋብሪካዎች እስከ መዘጋት ደረሱ። ዩባንክስ ካርስነር የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ በጠፋው እርሻ መካከል ቆመው ከቀሩት ጥቂት ተክሎች ዘር እየመረጡ አራቡ። ዩ ኤስ 1 የተባለው ዘር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለገበሬው ወጣ።

ነገር ግን በሽታው በየዓመቱ እኩል አይመጣም። ተባዩ በቀረበት ዓመት ደካማው ዘር እንደ ብርቱው ለምልሞ ይታያል፤ ፈታኙም ሳያውቅ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። ዕዳውን የሚከፍለው ዘሩን የገዛው ገበሬ ነው። ስለዚህ በአይዳሆ ግዛት፣ ኪምበርሊ በሚባለው ስፍራ ተመራማሪዎቹ ተባዩን ራሳቸው አርብተው፣ ቫይረሱን አስይዘው፣ ለያንዳንዱ ተክል ስድስት ያህል ሒሳብ ይለቁታል። ቀጥለውም በአንድ ጥግ እንዳይከማች ሸራ በተክሎቹ ላይ እየጎተቱ ያስነሡታል። (ለመንገደኛ የዕብድ ሥራ ሳይመስለው አይቀርም።) ሳምንታት ሲያልፉ ለየመደቡ ነጥብ ይሰጣል፤ 0 ጤነኛ፣ 9 የሞተ ነው። ደካማነቱ አስቀድሞ የታወቀ ዘርም አብሮ ይዘራል፤ እርሱ ካልታመመ የዚያ ዓመት ፈተና ዋጋ የለውም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዳ ሊጎበኝ ነው ሲባል ከሙከራ መደባችን የታመመውን ተክል ነቅለን የምንጥል አለን፤ እኔም አድርጌዋለሁ። የነቀልሁት ተክል አልነበረም፤ ለመማር የዘራሁትን መልስ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር፤ ብርቱ የተባለው ዘርም ገና በቡቃያነቱ ከተያዘ ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ተባዩ ሲለቀቅ ተክሉ ስንት ቅጠል እንደ ነበረው ከነጥቡ ጋር መጻፍ ግዴታ ነው።