የሕዝብን አሳብ ስለ መጠየቅና የመልሱን መለወጥ ስለ መረዳት



«ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው የቆየ ምሳሌ መጠየቅ እንዲገባ ያስተምራል። ነገር ግን ሕዝብን ለሚያስተዳድር ሰው ከመጠየቅ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ትምህርት አለ፤ ይኸውም የተሰጠውን መልስ አጣርቶ መረዳት ነው። ይልቁንም ጥያቄው «የየት አገር ሰው ነህ? ግዛትህስ ከማን ጋር ይሁን?» የሚል ሲሆን፥ መልሱን ያለ ጥንቃቄ መተርጐም ብዙ ጉዳት ያስከትላል።

በካርቱም ከተማ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምዕራብ ዐማራት የሚባል ሰፈር አለ። በዚህ ሰፈርና በአካባቢው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። ከነዚህ አንዱ ሱዳናዊ ጎረቤቱ ሲጠይቀው «ሐበሻ ነኝ» ይላል፤ ለመንግሥት ጸሓፊ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ብሎ ያስመዘግባል፤ ያገሩ ልጅ ሲጠይቀው ደግሞ «የጎንደር ሰው ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ሦስቱም መልሶች እውነት ናቸው። የተለወጠው ጠያቂው ነው እንጂ የሰውዬው ልብ አይደለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ አውሮፕላን ማረፊያው ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ስለ ነበረ፥ ከዐማራት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ተሰደዱ። በካርቱም ከነበሩት ኢትዮጵያውያንም ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። እንግዲህ ከጦርነቱ በፊትና በኋላ በዚያ ሰፈር አንድ ዐይነት ጥያቄ ቢቀርብ የመልሱ ቁጥር ሊለያይ ይችላል። ይህን ብቻ አይቶ «የሕዝቡ አሳብ ተለወጠ» የሚል ሰው ግን ይሳሳታል፤ የተለወጡት መላሾቹ ሊሆኑ ይችላሉና።

እንዲህ ያለው ነገር በትልቅ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያስከትል የኤርትራ ታሪክ ያስረዳል። በ1942 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከበርማ፥ ከጓቴማላ፥ ከኖርዌ፥ ከፓኪስታንና ከደቡብ አፍሪቃ የተውጣጣ ኮሚሲዮን የሕዝቡን ፍላጎት እንዲመረምር ወደ ኤርትራ ላከ። ኮሚሲዮኑ ያየው አንድ አገር፥ የሰማውም አንድ ሕዝብ ነበረ። ሆኖም የኖርዌ መልክተኛ አገሪቱ ከኢትዮጵያ ጋር ትዋሐድ አለ፤ የበርማና የደቡብ አፍሪቃ መልክተኞች ፌዴሬሽን ይሁን አሉ፤ የጓቴማላና የፓኪስታን ደግሞ ከሞግዚትነት ዘመን በኋላ ነጻ ትውጣ አሉ። አንድ ምስክርነት ሦስት ፍርድ አስገኘ። የሕዝቡም ቃል የተሰማው በአደባባይ ስብሰባና በመሪዎች አፍ ነበረ። በዚያው ወራት በአሥመራ ደም ያፈሰሰ ሁከት ስለ ተነሣ፥ አሳቡን በግልጽ ለመናገር የፈራ ሰው መኖሩ አያስደንቅም።

የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ፌዴሬሽንን ወሰነ፤ ውሳኔውም በመስከረም 1945 ዓ.ም. ተፈጸመ። ፌዴሬሽኑ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ጦርነቱም እስከ 1983 ዓ.ም. ቀጠለ። ጥያቄው በምስጢር ድምፅ ለእያንዳንዱ ሰው የቀረበው ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በሱዳን የሚኖሩ ኤርትራውያን ጭምር ድምፅ ሰጡ፤ ድምፅ ከሰጡትም 99.8 ከመቶ ያህሉ ነጻነትን መረጡ። ይህን ቁጥር ይዞ «ሕዝቡ በ1942ም እንዲሁ ያስብ ነበር» ማለት አይቻልም። የ1942ቱን ምስክርነት ይዞ የ1985ቱን መልስ መንቀፍም እንዲሁ አይቻልም። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ያህል የቈየ ጦርነትና ስደት አለ፤ የጥያቄውም አቀራረብ ፈጽሞ ሌላ ነበረ።

አሁን ደግሞ ወደ ቅርቡ ዘመን እንመለስ። አፍሮባሮሜተር የተባለው የጥናት ድርጅት በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ 2,400 ሰዎችን ጠየቀ። ከመቶው 61 ያህሉ የፌዴራልን አስተዳደር መረጡ። ፌዴሬሽኑ በብሔረሰብ ይመሥረት ወይስ በመልክዐ ምድር ተብለው ሲጠየቁ ግን እኩል ለእኩል ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ተከፈሉ። እንግዲህ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አንብቦ «ሕዝቡ ተስማምቷል» የሚል ሹም የሕዝቡን ቃል በሙሉ አልሰማም።

ቁጥሩም ራሱ ወሰን አለው። በዕጣ የተመረጡ 2,400 ሰዎች ሲጠየቁ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 2 ከመቶ ያህል ሊዛነፍ ይችላል። ከአንድ ወረዳ 100 ሰው ብቻ ከተጠየቀ ግን መዛነፉ እስከ 10 ከመቶ ይደርሳል። ስለዚህ በዚያ ወረዳ አንድ ቁጥር ከ52 ወደ 47 ወረደ ተብሎ ደስታም ኀዘንም አይገባም።

ስለዚህ ማንኛውም ሹም ወይም የከተማ ሰው የአሳብ ለውጥ በጥናት ታየ ሲባል አስቀድሞ አራት ነገር ይመርምር። ጥያቄው ቃል በቃል ያው ነበረን? የተጠየቁት እነማን ናቸው፥ የተሰደዱትስ ተቈጥረዋልን? ጠያቂው ማን ነበረ፥ መላሹስ ሳይፈራ ተናግሯልን? ልዩነቱ ከመዛነፉ ወሰን ያልፋልን? ከነዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ልዩነት እውነተኛ የአሳብ ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ እርሱንም ባይወዱት እንኳ መቀበል ይገባል። የግዛት ነገር የሰው ቤትና መቃብር ያለበት ነገር ስለ ሆነ፥ በችኰላ የተነበበ ቁጥር የሚያመጣውን ዕዳ የሚከፍለው ቁጥሩን ያነበበው ሹም ሳይሆን መልሱን የሰጠው ሕዝብ ነው።